መርዙ ከመድኃኒቱ የማይለየው ለምንድን ነው? የሽሮፕ መመረዝ ከአልኮሎች መዋቅር አንጻር

በኦክቶበር 2025 የዓለም ጤና ድርጅት በሕንድ በተመረቱ ሦስት ሽሮፖች ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ዳይኤትሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ተገኝቶባቸዋል፤ ከመካከላቸው አንዱን የጠጡ ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞተዋል። ዜናው ለሰሚው አዲስ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ያው ድርጅት በጋምቢያ ወደ 70 ከሚጠጉ ሕፃናት ሞት ጋር የተያያዙ አራት ሽሮፖችን በስም ጠቅሶ አስጠንቅቆ ነበር። በዚያው በ2022 ኢንዶኔዥያ ከ200 በላይ ልጆች አጣች፤ ዓመቱ ሳያልቅም ተመሳሳይ መርዶ ከኡዝቤኪስታን መጣ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ሁልጊዜ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ይህን ያህል አደገኛ ነገር መድኃኒት ውስጥ ሲገባ እንዴት ማንም ሳያየው፣ ሳያሸተው፣ ሳይቀምሰው ያልፋል? መልሱ ግን ይምታታል። አንዳንዱ መድኃኒቱ ጊዜው አልፎበት ነው ይላል። ሌላው ሽሮፕ ውስጥ አልኮል ስለሚገባ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ «ኬሚካል» በሚለው ቃል ላይ ጥሎ ያርፋል። ሦስቱም የነገሩን ሥር አይነኩም። መርዙም ሆነ በመድኃኒት ውስጥ እንዲገባ የተፈቀደው ፈሳሽ ከአንድ የውህዶች ወገን ናቸው። መልካቸውን፣ ውፍረታቸውንና ጣዕማቸውን የሚወስነው የሞለኪውላቸው ክፍል አንድ ዓይነት ነው፤ ሰውነት ውስጥ ከገቡ በኋላ ምን እንደሚሆኑ የሚወስነው ክፍል ግን ይለያያል።

ካርቦንና የሚሸከማቸው ቡድኖች

ኦርጋኒክ ውህድ በኬሚስትሪ አነጋገር አጽሙ ከካርቦን አቶሞች የተሠራ ውህድ ነው። ከዕፅዋት መውጣቱ ወይም በፋብሪካ መሠራቱ ለውጥ አያመጣም። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ቮለር በ1828 በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ ከሕያው አካል ካልመጣ ጨው መሥራት ከቻለ ወዲህ በሁለቱ መካከል የነበረው ድንበር ፈርሷል። ግሊሰሪን ከአትክልት ዘይትም ይውጣ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ፣ ሞለኪውሉ ያው ነው። ስለዚህ «የተፈጥሮ» እና «ኬሚካል» የሚለው ክፍፍል ሽሮፑ ለምን እንደገደለ ሊያስረዳን አይችልም።

አንድ የካርቦን አቶም አራት ትስስር ይፈጥራል፤ ከሌሎች ካርቦኖች ጋር እየተያያዘ ቀጥ ያለ ሰንሰለት፣ ቅርንጫፍ ያለው ሰንሰለት ወይም ቀለበት ሊሠራ ይችላል። በካርቦንና በሃይድሮጂን ብቻ የተሠሩት ሃይድሮካርቦን ይባላሉ። በካርቦኖቹ መካከል ያለው ትስስር ነጠላ ብቻ ሲሆን አልኬን፣ ድርብ ሲኖርበት አልኪን፣ ሦስት እጥፍ ሲኖርበት አልካይን ይባላሉ፤ ኬሚስቶች ቤንዚን (benzene) የሚሉት፣ ከመኪና ነዳጁ ቤንዚን የተለየው ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት ያላቸው ደግሞ አሮማቲክ በሚለው ስም ለብቻቸው ይመደባሉ። ሁሉም የሚጋሩት ጠባይ አለ፤ ከውኃ ጋር አይዋሃዱም።

ነገሩ የሚለወጠው በካርቦኑ አጽም ላይ ሌላ ዓይነት አቶም ሲንጠለጠል ነው። ለውህዱ ጠባይ የሚሰጠው ይህ የተንጠለጠለ ክፍል ፋንክሽናል ግሩፕ ይባላል፤ በአማርኛ «ተግባራዊ ቡድን» ሊባል ይችላል። አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጂን ተያይዘው ሲንጠለጠሉ ሃይድሮክሲል ይባላሉ፤ ተሸካሚው ውህድ አልኮል ይሆናል። ኦክስጅኑ በሁለት ካርቦኖች መካከል ሲገባ ኤተር፣ ከአንድ ካርቦን ጋር በድርብ ትስስር ሲያያዝ እንደ ቦታው አልዲሃይድ ወይም ኪቶን ይገኛል። በአንዱ ካርቦን ላይ ድርብ ትስስር ያለው ኦክስጅንና ሃይድሮክሲል አንድ ላይ ሲገኙ ካርቦክሲሊክ አሲድ ነው። አሲድና አልኮል ውኃ አስወግደው ሲጣመሩ ኤስተር ይወለዳል፤ የብዙ ፍራፍሬ ሽታ ከዚህ ወገን ነው። ናይትሮጅን ያላቸው አሚኖች የዓሣ ሽታ ይሰጣሉ። ለያዝነው ጉዳይ የሚያስፈልጉት ግን አልኮሉ፣ ኤተሩና አሲዱ ናቸው።

ክብደቱ አንድ፣ ጠባዩ ሌላ

አንድ ፈሳሽ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የሚወስነው ምንድን ነው? ብዙ ሰው የሞለኪውሉ ክብደት ይመስለዋል። ክብደት ድርሻ አለው፤ ነገር ግን በቂ ምክንያት አይደለም። የሞለኪውል ክብደታቸው ከ44 እስከ 46 የሆኑ አምስት ውህዶችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ፕሮፔን የተባለው ሃይድሮካርቦን ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ስለዚህ በክፍል ሙቀት ጋዝ ነው። ዳይሜቲል ኤተር ከዜሮ በታች በ24፣ አሴታልዲሃይድ ከዜሮ በላይ በ20፣ ኢታኖል በ78፣ ፎርሚክ አሲድ በ101 ዲግሪ ይፈላሉ። ክብደታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ከ140 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ።

በተለይ ኤተሩና ኢታኖሉ ልብ ሊባሉ ይገባል። ሁለቱም ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጂንና አንድ ኦክስጅን ነው ያላቸው፤ በአቶም ብዛት ፍጹም እኩል ናቸው። እንዲህ በቀመር አንድ፣ በአደራደር የተለያዩ ውህዶች አይሶመር ይባላሉ። በኤተሩ ውስጥ ኦክስጅኑ መሐል ላይ ተቀምጧል፤ በኢታኖሉ ደግሞ ጫፍ ላይ ሆኖ ሃይድሮጂን ይዟል። የአንድ አቶም አቀማመጥ የመፍላት ነጥቡን በ102 ዲግሪ አራርቆታል።

ምክንያቱ በሞለኪውሎች መካከል ያለው መሳሳብ ነው። ሃይድሮካርቦኖች እርስ በርስ የሚሳሳቡት በደካማ ኃይል ነው፤ የሚነካካው ገጻቸው በሰፋ ቁጥር መሳሳቡ ይጨምራል። አምስት ካርቦን ያለው ፔንቴን ቀጥ ያለ ሰንሰለት ሲሆን በ36 ዲግሪ ይፈላል፤ ያው አምስት ካርቦን ተሰብስቦ ወደ ክብ ሲጠጋ ግን በ10 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሃይድሮክሲል ባላቸው ሞለኪውሎች መካከል የሚፈጠረው ኃይል ከዚህ የበረታ ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ ስለሚስብ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሃይድሮጂን በከፊል ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ይህ ሃይድሮጂን የጎረቤት ሞለኪውል ኦክስጅንን ይይዛል። የሃይድሮጂን ትስስር የሚባለው ይህ ነው። በአንድ ሞለኪውል ውስጥ አቶሞችን ከሚያስተሳስረው ኃይል ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው። ይሁን እንጂ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች ሲያያዙበት ፈሳሹ ለመፍላት ብዙ ሙቀት ይጠይቃል። ውኃም የሚይዘው በዚሁ ትስስር ስለሆነ አልኮልና ውኃ በቀላሉ ይዋሃዳሉ።

የመዋሃዱ ልክ ግን በካርቦኑ ሰንሰለት ይገደባል። ሜታኖል፣ ኢታኖልና ፕሮፓኖል በማንኛውም መጠን ከውኃ ጋር ይዋሃዳሉ። አራት ካርቦን ያለው ቀጥ ያለ ቡታኖል ላይ ሲደረስ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ የሚሟማው 8 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ስምንት ካርቦን ያለው ኦክታኖል እንደ ዘይት ተለይቶ ይንሳፈፋል። አንድ ሃይድሮክሲል ሊጎትተው የሚችለው የካርቦን ብዛት ውስን ነው።

ሃይድሮክሲል ሲበዛ

ሽሮፕ የሚሠራባቸው ፈሳሾች ከአንድ በላይ ሃይድሮክሲል ያላቸው አልኮሎች ናቸው። ኤትሊን ግላይኮል ሁለት ካርቦን አለው፤ እያንዳንዱ ካርቦን አንድ ሃይድሮክሲል ይሸከማል። ፕሮፒሊን ግላይኮል ያንኑ ይመስልና አንድ ተጨማሪ ካርቦን አለው፤ ይህ ሦስተኛ ካርቦን ምንም ሃይድሮክሲል የለውም። ግሊሰሪን ሦስት ካርቦንና ሦስት ሃይድሮክሲል ነው። ዳይኤትሊን ግላይኮል ደግሞ ሁለት የኤትሊን ግላይኮል ሞለኪውሎች አንድ ውኃ አስወግደው በኤተር ኦክስጅን የተያያዙበት ነው፤ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ሃይድሮክሲል ቀርቶለታል።

የመፍላት ነጥባቸው ከኢታኖል እጅግ ይርቃል። ፕሮፒሊን ግላይኮል በ188፣ ኤትሊን ግላይኮል በ197፣ ዳይኤትሊን ግላይኮል በ245፣ ግሊሰሪን በ290 ዲግሪ ገደማ ይፈላሉ። ስለዚህ በክፍል ሙቀት በቀላሉ አይተኑም፤ ስለማይተኑም ሽታቸው አይሰማም። ሞለኪውሎቹ በብዙ አቅጣጫ ስለሚያያዙ ፈሳሹ ወፍራምና ዝልግልግ ይሆናል፤ ግሊሰሪን በ20 ዲግሪ ከውኃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይወፍራል። አራቱም ቀለም የላቸውም። አራቱም ከውኃ ጋር በማንኛውም መጠን ይዋሃዳሉ። አራቱም ምላስ ላይ ይጣፍጣሉ።

የመጨረሻው ጠባይ በመድኃኒት ብቻ ሳይወሰን በሌላም ቦታ አሳስቷል። በ1985 በኦስትሪያ አንዳንድ ወይን ጠማቂዎች ወይናቸው ጣፋጭና ወፍራም እንዲመስል ዳይኤትሊን ግላይኮል ሲጨምሩበት ተደርሶባቸዋል። የመረጡት ስኳር ሲጨመር የሚያጋልጠው ምርመራ ስለነበረ ነው ማለት ይቻላል፤ ምላስን ግን ማታለል ችሎ ነበር።

ለምን ይተካካሉ?

መድኃኒት አምራቹ እነዚህን ፈሳሾች የሚፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለምሳሌ ፓራሲታሞል በክፍል ሙቀት በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ የሚሟማው 14 ግራም ገደማ ነው። በ5 ሚሊ ሊትር ማንኪያ 120 ሚሊ ግራም የያዘ የልጆች ሽሮፕ ግን በሊትር 24 ግራም ያስፈልገዋል። ውኃ ብቻውን አይችለውም። መድኃኒቱ በዱቄት መልክ እንዲንሳፈፍ ካልተደረገ በቀር ተጨማሪ አሟሚ ያስፈልጋል፤ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። የካርቦኑ ክፍል መድኃኒቱን፣ ሃይድሮክሲሉ ውኃውን ይይዛል።

ችግሩ ኤትሊንና ዳይኤትሊን ግላይኮልም ይህንኑ ሥራ በእኩል መሥራታቸው ነው። የሞተር ማቀዝቀዣና የፍሬን ዘይት የሚሠራባቸው የኢንዱስትሪ ምርቶች ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋቸው ለመድኃኒት ከተፈቀዱት ያነሰ ነው። የፕሮፒሊንና የኤትሊን ግላይኮል የብርሃን ስብራት መለኪያ፣ ማለትም ብርሃን በፈሳሹ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚገልጸው ቁጥር፣ ለሁለቱም ወደ 1.43 ይጠጋል። ልዩነቱ የሚታየው ከሦስተኛው አሐዝ በኋላ ነው። የዳይኤትሊን ግላይኮል እፍግታ በሚሊ ሊትር 1.12 ግራም ገደማ ነው፤ ግማሽ በግማሽ ከውኃ ጋር የተቀላቀለ ግሊሰሪንም እዚያው አካባቢ ይወድቃል። ቀላል መለኪያ ያለው የመጋዘን ሠራተኛ እንኳ በርሜሉን ከፍቶ ሊታለል ይችላል።

ይህን በታሪክ ከሚያሳዩት አንዱ የ1937ቱ የአሜሪካ አደጋ ነው። ሰልፋኒላማይድ የተባለ መድኃኒት በውኃ አልሟሟ ሲል የአንድ ኩባንያ ኬሚስት በዳይኤትሊን ግላይኮል አሟሟው። ድብልቁ ለጣዕሙ፣ ለመልኩና ለሽታው ተፈትኖ አለፈ፤ መርዛማነቱን የፈተነው ግን አልነበረም። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በማግስቱ ዓመት አዲስ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ የሚያስገድደው ሕግ ወጣ። ያኔ ድርጊቱ ካለማወቅ ነበር። በ1996 በሄይቲ ከ80 በላይ ሕፃናትን የገደለው ሽሮፕ ግን «ግሊሰሪን» ተብሎ በብዙ ደላሎች እጅ ካለፈ ፈሳሽ የተሠራ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ «ብክለት» የሚነገረውን መመርመር ያስፈልጋል። ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚሠራው ከፕሮፒሊን ኦክሳይድና ከውኃ ነው። ኤትሊን ግላይኮል ደግሞ ከኤትሊን ኦክሳይድና ከውኃ ይመረታል፤ ዳይኤትሊን ግላይኮልም በዚሁ ሂደት ጎን ለጎን ይወጣል። ስለዚህ በኤትሊን ግላይኮል ውስጥ ጥቂት ዳይኤትሊን ግላይኮል መገኘቱ ከአመራረቱ ይጠበቃል። በፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም በግሊሰሪን በርሜል ውስጥ በመቶኛ አሥሮች የሚቆጠር መጠን ሲገኝ ግን የአመራረት ቅሪት ነው ለማለት ያስቸግራል። ባልታጠበ ዕቃ ወይም በተደባለቀ መጋዘን ሊመጣ የሚችለው መጠንም ያን ያህል አይሆንም። መተካትን ነው የሚያመለክተው፤ ኬሚስትሪው ማን እንደተካው ባይነግረንም።

በጉበትና በኩላሊት ውስጥ

ሰውነት አልኮሎችን የሚያስተናግደው በጉበት ባሉ ኤንዛይሞች ነው፤ ኤንዛይም የሰውነትን ኬሚካዊ ለውጦች የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። የመጀመሪያው ኤንዛይም አልኮሉን ወደ አልዲሃይድ፣ ቀጣዩ ወደ አሲድ ይለውጠዋል። መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚደረስበት አሲድ ግን በካርቦኑ አጽም ይወሰናል።

ኢታኖል አሴቲክ አሲድ ይሆናል፤ ሰውነት ይህን ነዳጅ አድርጎ ያቃጥለዋል። አንድ ካርቦን ብቻ የሚያንሰው ሜታኖል ፎርሚክ አሲድ ይሆናል። ፎርሚክ አሲድ ሕዋሳት ኦክስጅንን የሚጠቀሙበትን የመጨረሻ ደረጃ ያግዳል፤ ብዙ ጉልበት የሚፈልገው የዓይን ነርቭ ቀድሞ ይጎዳል። የሜታኖል ተጠቂዎች ዓይናቸው የሚጠፋው ለዚህ ነው።

በኤትሊን ግላይኮልና በፕሮፒሊን ግላይኮል መካከል ያለው ልዩነት ከዚህም የረቀቀ ነው፤ በእኔ ግምት ከጉዳዩ ሁሉ አስተማሪው ክፍል ይህ ነው። ኤትሊን ግላይኮል ሁለቱም ካርቦኖቹ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱም እስከ አሲድ ደረጃ ሊደርሱ ይችላሉ። ውጤቱ ሁለት አሲድ ቡድን ጀርባ ለጀርባ የተያያዙበት ኦክሳሊክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ በደም ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ ካልሲየም ኦክሳሌት ይሆናል። በ1 ሊትር ውኃ የሚሟማው ከ10 ሚሊ ግራም ያነሰ ስለሆነ በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ጠጣር ሆኖ ይቀራል። በፕሮፒሊን ግላይኮል ግን አንደኛው ሃይድሮክሲል መሐለኛው ካርቦን ላይ ነው፤ መሐል ያለ ካርቦን ደግሞ አሲድ ሊሆን አይችልም። ጫፉ ብቻ አሲድ ሲሆን የሚገኘው ላክቲክ አሲድ ነው፤ ጡንቻችን ሲደክም ራሱ የሚያመርተው። ከካልሲየም ጋር ቢገናኝ እንኳ የሚፈጥረው ጨው በሊትር በአሥሮች ግራም ይሟማል። ለዓይን፣ ለምላስና ለብርሃን መለኪያ ምንም ያልመሰለው ያ አንድ ተጨማሪ ካርቦን መርዝንና አሟሚን ለየ።

ዳይኤትሊን ግላይኮል በሌላ መንገድ ይጎዳል። መሐል ያለው የኤተር ትስስር በቀላሉ አይሰበርም፤ ስለዚህ ሞለኪውሉ ወደ ሁለት ኤትሊን ግላይኮል አይከፈልም። ሁለቱ ጫፎቹ አሲድ ሆነው ዳይግላይኮሊክ አሲድ ይወጣል፤ ይህም በኩላሊት ሕዋሳት ውስጥ ተከማችቶ ይገድላቸዋል። ለሞት የሚያበቃው መጠን ብዙ ጊዜ በኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ተብሎ ይገመታል፤ ከዚያ በእጅጉ ባነሰም ሞት ተመዝግቧል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ይህ ጥቂት ማንኪያ ነው። ምልክቱ በማስመለስና በሆድ ሕመም ይጀምርና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሽንት ይቀንሳል፣ ይቆማል። ሕፃኑ ቀድሞም ታሞ ስለነበር ወላጅ ምልክቱን የበሽታው መባባስ አድርጎ ሊወስደው፣ መጠኑንም ሊጨምር ይችላል። ሽሮፕ ሲወስድ የቆየ ልጅ ሽንቱ ከቀነሰ ጠርሙሱን ይዞ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

መርዙ የሚመነጨው ከለውጡ መሆኑ ለሕክምናውም በር ከፍቷል። ፎሜፒዞል የተባለው መድኃኒት የመጀመሪያውን ኤንዛይም ይዘጋል፤ ያልተለወጠው አልኮል ቀስ ብሎ በሽንት ወይም በኩላሊት እጥበት ይወጣል። ፎሜፒዞል ከሌለ ሐኪሞች ኢታኖልን በቁጥጥር ይሰጣሉ፤ ኤንዛይሙ ከሜታኖልና ከግላይኮሎች ይልቅ ኢታኖልን ስለሚመርጥ። ይህ የሆስፒታል ሥራ ነው፤ በቤት ውስጥ መጠጥ በማጠጣት የሚሞከር አይደለም።

እሳት፣ ሽታና ማንጠር

ከሽሮፑ ጎን ለጎን የሜታኖል መመረዝ ዜናም ይደጋገማል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲጀምር በኢራን መቶዎች ሜታኖል ጠጥተው ሞተዋል፤ በኖቬምበር 2024 በላኦስ ቫንግ ቪየንግ ከተማ ስድስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ሞተዋል። ከዜናው ጋር የሚናፈሱት «መለያ ዘዴዎች» ራሳቸው አደገኛ ናቸው።

በሰማያዊ ነበልባል የሚቃጠል መጠጥ ንጹሕ ነው ይባላል። ኢታኖልም ሜታኖልም በሰማያዊ ይቃጠላሉ፤ እንዲያውም የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን ለማየት የሚያስቸግር ነው። ሽታም አይረዳም፤ የሁለቱ ሽታ የተቀራረበ ሲሆን በመጠጥ ውስጥ ደግሞ በሌሎች ሽታዎች ይሸፈናል። ሦስተኛው እምነት ከኬሚስትሪ የተወሰደ ስለሚመስል ብዙዎችን ያሳምናል። ሜታኖል በ65፣ ኢታኖል በ78 ዲግሪ ስለሚፈሉ ሲነጠር የመጀመሪያውን መድፋት ይበቃል የሚል ነው። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ የሚሠሩት ግን ፈሳሾቹ ለየብቻ ሲሆኑ ነው። ሜታኖል፣ ኢታኖልና ውኃ በአንድ ዕቃ ሲሆኑ በሃይድሮጂን ትስስር እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በቀላል ማንጠሪያ ሜታኖሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየተከፋፈለ ይወጣል። ደግሞም ብዙ ሰው የሚፈጁት አደጋዎች አብዛኛውን ጊዜ ከጠመቃ አይመጡም፤ በኢንዱስትሪ የተሠራ ሜታኖል መጠጡ ላይ ሲጨመር ነው።

የላቦራቶሪው ዓይን

ዓይን የማይለየውን መሣሪያ ይለየዋል፤ የሚጠቀመውም በዚያው በመዋቅር ልዩነት ነው። ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባለው ዘዴ ናሙናውን አትንኖ በረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ በጋዝ ይነዳዋል። የቱቦው ውስጠኛ ገጽ በልዩ ነገር ስለተቀባ እያንዳንዱ ሞለኪውል እንደ ትነቱና ከቅቡ ጋር እንዳለው መሳሳብ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይወጣል። የፕሮፒሊንና የኤትሊን ግላይኮል የ9 ዲግሪ ልዩነት እዚህ በግልጽ ተለይቶ ይታያል።

በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የትስስሮችን ዓይነት ያያል። ሙሉ በሙሉ የተተካ በርሜልን ሊያጋልጥ ይችላል፤ አራቱም ፈሳሾች የሃይድሮክሲል ምልክታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ግን በትንሽ መቶኛ የገባውን ሊስት ይችላል። ተቀባይነት ያለው ገደብ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ በመድኃኒት ደረጃ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ውስጥ ከሁለቱ መርዛማ ግላይኮሎች እያንዳንዳቸው ከ0.10 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። በጣም ርካሹ አማራጭ ስስ ሽፋን ክሮማቶግራፊ ነው፤ ናሙናው በተቀባ ሰሌዳ ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀመጥና ፈሳሽ እየሳበው ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ውድ መሣሪያ ለሌላቸው ላቦራቶሪዎች ይህን ለመጀመሪያ ማጣሪያነት ያቀርባል።

ማን ይመርምር?

ከዚህ በኋላ ያለው ክርክር የኬሚስትሪ አይደለም። አንዱ ወገን ኃላፊነቱ የአምራቹ ነው፤ እያንዳንዱን በርሜል ከመጠቀሙ በፊት መፈተን አለበት ይላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመሪያ በዚህ መንገድ ይሄዳል። ደካማ ጎኑ መመሪያው የሚሠራው ተቆጣጣሪው ፋብሪካውን በሚጎበኝበት ልክ መሆኑ ነው፤ አቅራቢው በሚሰጠው የምስክር ወረቀት ብቻ የሚያምን አምራች በብዙ አገር አለ።

ሌላው ወገን ምርመራው ድንበር ላይ ይሁን ይላል። ሕንድ ከጁን 2023 ጀምሮ ወደ ውጭ የሚላክ የሳል ሽሮፕ ሁሉ በተፈቀደለት ላቦራቶሪ እንዲፈተሽ አስገድዳለች። እርምጃው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን የ2025ቱ ሽሮፖች የተሸጡት እዚያው አገር ውስጥ ነው፤ የወጪ ንግድ ደንቡ ሊያገኛቸው አልቻለም።

ሦስተኛው ሐሳብ ሽሮፕን መቀነስ ነው። ኢንዶኔዥያ በ2022 የሽሮፕ መድኃኒቶችን ሽያጭ በጠቅላላ ለጊዜው አግዳ ነበር። እገዳው ሞትን ለማስቆም የሚረዳ ቢሆንም ጠንካራ ክኒን መዋጥ ለማይችል ሕፃን መድኃኒት የማግኘት መንገድ ያጠባል። በውኃ የሚሟሙ ክኒኖች ለአንዳንድ መድኃኒቶች መፍትሔ ይሆናሉ፤ አሟሚ ስለማያስፈልጋቸው የመተካት ዕድሉም የለም። ለሳልና ለጉንፋን ብቻ የሚሰጡት ሽሮፖች ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። ለትንንሽ ልጆች የሚሰጡት ጥቅም አነስተኛ ስለሆነ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡትን ከ2 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሰጡ ይመክራል። እዚህ ላይ ክርክሩ ወደዚህኛው ወገን ያደላል ባይ ነኝ፤ ጥቅሙ አነስተኛ ለሆነ ነገር ይህን የመሰለ አደጋ መሸከም ምክንያት የለውም።

ለሚያስፈልጉት ሽሮፖች ግን ምርመራው ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት በጥሬ ዕቃው በርሜል ላይ ነው። ያለቀው ሽሮፕ ስኳር፣ ማጣፈጫ፣ ቀለምና መድኃኒቱን ስለያዘ ምርመራው ይወሳሰባል፤ አንድ የተተካ በርሜል ደግሞ በሺዎች በሚቆጠሩ ጠርሙሶች ተከፋፍሎ ከወጣ በኋላ ሁሉንም መሰብሰብ አይቻልም። በርሜሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን ገና አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 0.10 በመቶው ገደብ መጣሱን ለማወቅ ከአንዱ በርሜል የሚቀዳ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይበቃል። ላኪው አገር ይህን ባያደርግ ተቀባዩ አምራች ማድረግ ይችላል፤ ዋጋውም ከሽሮፑ ዋጋ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው።